ፍርሃቱን ይዘው ይሳፈሩ

«ተወልጄ ያደግኩት አንኮበር ነው፤ አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን። ሴት ልጄ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትገላገል ሦስት ወር ቀርቷታል፤ በአራስነቴ አጠገቤ ሁኚ ትለኛለች። ቪዛው ወጥቷል። የ2011ዱ አውሮፕላን ከወደቀ ወዲህ ግን ገና ሳስበው ልቤ ይመታል፣ እጄን ያልበኛል። አምና ላሊበላን ልሳለም ትኬት ተቆርጦልኝ ከቦሌ በር ተመልሻለሁ። ወንዱ ልጄ ‹ስንቱ ይሄድ የለ!› እያለ ይቆጣኛል። ጎረቤቴ አረቄ ቀምሰሽ ግቢ አለችኝ። ለልጄ እውነቱን መናገር አፍሬ ጉልበቴን አሞኛል ብያታለሁ። ምን ይሻለኛል?»
እናት ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን

ውድ እናታችን፣

ፍርሃትዎ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አልቀዋል። ያን ሐዘን አገር በሙሉ ተቀምጦበታል። ስለዚህ የልጅዎ ቁጣ ልክ አይደለም፤ የፈራን ሰው መገሠጽ በፍርሃቱ ላይ እፍረት ይጨምርበታል እንጂ አያደፋፍረውም።

ሆኖም የነገሩን መጨረሻም ይወቁት። አንድ የመለኪያ መሣሪያ የተሳሳተ መረጃ ሰጠ፤ በዚያ መረጃ የሚሠራው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ አብራሪዎቹ ሊያቀኑት እየታገሉ፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። ከአምስት ወር ያነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰው የጨረሰው አደጋም የዚሁ ሥርዓት ጣጣ ነበረበት። ከቢሾፍቱው አደጋ ወዲህ ይህ ዓይነት አውሮፕላን በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታግዶ ሥርዓቱ ተስተካከለ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መልሶ ያበረረው በጥር 2014 ነው። እርስዎን ዋሽንግተን የሚያደርስዎት ደግሞ ከዚህ የተለየ፣ ትልቅ አውሮፕላን ነው።

ይህን የነገርኩዎ ፍርሃቱ በዚህ ይለቅዎታል ብዬ አይደለም። ፍርሃት በማስረጃ አይረታም። የእርስዎ የባሰበት ከቦሌ በር የተመለሱ ዕለት ይመስለኛል። ሲመለሱ ልብዎ አረፈ፤ ሰውነትዎም ያዳነው መመለሱ መሰለው። እስኪለቅዎ ልጠብቅ ካሉ የልጅ ልጅዎ ክርስትና ያልፍዎታል። ስለዚህ ይዘውት ይሳፈሩ። የልብ ምቱ ከፍ ይላል፣ ይጨንቅዎታል፤ ሳይሸሹ ከተቀመጡ ግን ቀስ በቀስ ይበርዳል። ሲጨንቅዎ አየሩን በአፍንጫዎ ስበው፣ ከሳቡበት አርዝመው ቀስ እያሉ ያስወጡት።

አውሮፕላኑ ከፍ ሲል ብዙ ሰው አየር የሚያጥረው ይመስለዋል። እርስዎን ይህ ፈጽሞ አያሳስብዎ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። አውሮፕላኑ 11,000 ሜትር ላይ ቢበር እንኳ የውስጡ አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ቦታ አየር ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል። እርስዎ በየቀኑ የሚተነፍሱት ከዚያ የሳሳውን ነው!

መንገጫገጡም ቢሆን እንግዳዎ አይደለም። አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ቆመው፣ ከቆላው የሚወጣው ነፋስ ንስሩን ክንፉን ሳያርገበግብ ሽቅብ ሲያነሣው ስንቴ አይተዋል? አውሮፕላኑን የሚያንገጫግጨውም ሽቅብና ቁልቁል የሚሄድ አየር ነው። ክንፎቹ ይህን ችለው እንዲተጣጠፉ ተደርገው ተሠርተዋል። በዚህ ጊዜ ጉዳት የሚደርሰው በአብዛኛው ቀበቶ ባላሰረ ሰው ላይ ስለሆነ ቀበቶዎን እንደታሰረ ይተዉት።

ቦሌም ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ረዘም አድርጎ ይሮጣል። አልነሣ አለ ብለው አይደንግጡ። እንደተነሣ ከእግርዎ በታች የሚሰሙት ጓጓታ ጎማው ሲታጠፍ ነው። ጥቂት ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲል ሞተሩ ጠፋ ማለት አይደለም፤ አብራሪው ጉልበቱን ቀንሶት ነው። ወደ አሜሪካ ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ሊያርፍም ይችላል።

የጎረቤትዎን አረቄ እርግፍ አድርገው ይተዉ። ከሰው የተቀበሉትን የእንቅልፍ ኪኒንም እንዲሁ። ጭንቀቱ እንቅልፍ እስከ መንሳት ካደረሰዎ እዚያው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገብተው ሐኪም ያማክሩ፤ ሦስት ወር በቂ ጊዜ ነው። ጸሎትዎን አይተዉ፤ ጸበሉን ግን ሻንጣ ውስጥ ያስገቡት፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ይዞ ማለፍ ላይፈቀድልዎ ይችላል። እንደገቡ ለአስተናጋጇ «እፈራለሁ» ይበሏት፤ በአማርኛ ታጽናናዎታለች።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ልጅዎ ስትደውል የጉልበቱን ነገር ትተው እውነቱን ይንገሯት። እናቴ ታማብኛለች ብላ በእርግዝናዋ ላይ ሌላ ሐሳብ ተሸክማ ይሆናል። ካወቀች ትኬቱን ስትቆርጥ ንቅናቄው ቀለል በሚልበት በክንፉ አካባቢ፣ ከመስኮቱ ራቅ ያለ መቀመጫ ትይዝልዎታለች።