መድኃኒት ከመፈተኑ በፊት የበሽታው ጠባይ ይታወቅ

አንድ መድኃኒት «ተፈትኖ ፈዋሽነቱ ተረጋገጠ» ሲባል ብዙዎቻችን አምነን እናልፋለን። ነገር ግን ፈተናው ራሱ ለበሽታው የማይስማማ ከሆነ ውጤቱ ያሳስታል። ለዚህ ነገር ድሬዳዋ ጥሩ አስተማሪ ናት።

እንደሚታወቀው ወባ ከክረምት በኋላ የሚበረታ የገጠር በሽታ ነው ሲባል ኖሯል። በድሬዳዋ ግን በ2019 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡት 205 ሕሙማን በ2022 ወደ 2,425 ከፍ አሉ፤ ወረርሽኙም በበጋ ተነሥቶ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ሳይቀር ገባ። ተመራማሪዎች ሕሙማንን ወባ ካልተገኘባቸው ሰዎች ጋር አነጻጽረው እስከ መኖሪያቸው ተከታተሉ። ያገኙትም በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባውን አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ነው።

ወባን የሚያመጡት ተሕዋስያንም አንድ ዓይነት አይደሉም። ለፋልሲፓረም የሚሰጥ መድኃኒት ሲፈተን በሽተኛው 28 ወይም 42 ቀን ይጠበቃል። ሕመሙ ቢመለስ የመጀመሪያው ቀን ደምና የኋለኛው ይመረመራሉ። የቀድሞው ተሕዋስ አልሞተም ወይስ በሽተኛው እንደገና በትንኝ ተነክሷል? ይህ ካልተለየ ጥሩው መድኃኒት ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ቫይቫክስ ግን በጉበት ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል፤ ስለዚህ በ28 ቀን «ዳነ» ብሎ መዝገቡን መዝጋት ራስን ማታለል ነው። በኢትዮጵያ፥ በአፍጋኒስታን፥ በኢንዶኔዥያና በቬትናም ተካሂዶ በ2019 የታተመው ጥናት ሕሙማኑን አንድ ዓመት ሙሉ የተከታተለው በዚህ ምክንያት ነው። ጠቅላላ መጠኑ እኩል ሆኖ በ7 ቀን የተሰጠው ፕሪማኪን በ14 ቀን ከተሰጠው እንደማያንስም ያወቅነው ከዚያ ነው።

መከላከያ ሲፈተን ደግሞ ሥርዓቱ ይለወጣል። በርሜል መክደን ወባን ይቀንስ እንደሆነ ለማወቅ ዕጣውን በየቤቱ ብናወጣ፥ ካልተከደነው የጎረቤት በርሜል የወጣችው ትንኝ የከደነውንም ሰው ትነክሳለች። ስለዚህ ዕጣው በየሰፈሩ ሊወጣ ይገባል። ዕጣ ያልደረሰው ሰፈርም የተለመደው መከላከያና ሕክምና ሊጎድልበት አይገባም፤ ሰውን ለሕመም ትቶ የሚገኝ ዕውቀት አያኮራምና።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች «ተፈተነ» የሚል ወሬ ስንሰማ፥ በየትኛው ተሕዋስ ላይ፥ ለስንት ቀን፥ ከማን ጋር ተነጻጽሮ ብለን እንጠይቅ። አባቶቻችን በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ በሽታውን ያላጠና ፈታኝም እውነተኛ መልስ አያገኝም።