ነርስ ነኝ ብለሽ አንደኛ ክፍል ስትገቢ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፤ ግንቦት 4 የነርሶች ቀን ስለሆነ አንደኛ ክፍል ገብተሽ ስለ ሥራሽ እንድታወሪ ተጠይቀሻል አሉ። ደስ ብሎኛል። ያዘጋጀሽውን ጽሑፍ ግን አየሁት፤ «ነርሲንግ የተከበረ ሙያ ነው» ብሎ ይጀምራል። እሱን ተይው። የሰባት ዓመት ልጅ ቁጭ ብሎ ቢሰማሽ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ወዲያ ወይ እጁ ሥራ ያገኛል፣ ወይ አጠገቡ ያለውን ልጅ ይቆነጥጣል።

መጀመሪያ ይህን ያዢልኝ፦ እነዚህ ልጆች ሳያዩሽም ያውቁሻል። «አርፈህ ካልተቀመጥክ መርፌ አስወጋሃለሁ» እየተባሉ ነው ያደጉት። አያትም ትላለች፣ ጎረቤትም ይላል፣ አንዳንዴ አስተማሪም ይላል። ነጭ ጋዋን ለብሰሽ በሩ ላይ ስትቆሚ ከኋላ ወንበር ክንዱን የሚሸፍን ልጅ አይጠፋም። ስለዚህ ስምሽን ከነገርሻቸው በኋላ የመጀመሪያ ቃልሽ «ዛሬ ማንንም አልወጋም» ይሁን። ቦርሳሽን ከፍተሽ አሳያቸው። ለማሳያም ቢሆን ሲሪንጅ እንዳትይዢ፣ መርፌ የሌለውንም።

ስለ መርፌ መጠየቃቸው ግን አይቀርም። «ያማል?» ሲሉሽ «አያምም» እንዳትዪ፣ አደራ! ያማል። «ትንሽ ያማል፣ ቶሎ ያልፋል። ማልቀስ ይቻላል፤ ክንድ ማወራጨት ግን አይቻልም» በያቸው። አንዴ የተዋሸ ልጅ ቀጥሎ የምታገኘውን ነርስ አያምናትም፤ ተይዞ፣ ተጎትቶ፣ እየጮኸ ነው የሚወጋው። ያቺ ነርስ ደግሞ አንቺው ልትሆኚ ትችያለሽ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ትንሽ ክብ ጠባሳ ይፈልጉ። ገና ጨቅላ ሳሉ የተሰጣቸው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ምልክት ናት። ተከትቦም ጠባሳው የማይቀርበት ልጅ አለና «አንዳንዱ ላይ አይታይም» ብለሽ ቀድመሽ ተናገሪ፤ ማንም እንዳይሳቀቅ።

አሁን ወደ ዋናው። እኔና አንቺ እንደምናውቀው መርፌ የሥራችን ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ማስተዋል ነው። ይህንን ደግሞ በንግግር አታስተምሪያቸውም፤ አሠሪያቸው። እያንዳንዱ ልጅ ከደብተሩ አንድ ወረቀት ቀድዶ እንደ ቱቦ ይጠቅልል። እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ላይ ሬኔ ላዬኔክ የሚባል ሐኪም የአንዲት በሽተኛን ልብ ለማዳመጥ ያደረገው ይህንኑ ነው። ወረቀት ጠቀለለ፣ ደረቷ ላይ አስጠጋ፣ በደንብ ሰማ። አንገትሽ ላይ የምታንጠለጥይው የልብ ማዳመጫ ከዚያ ወረቀት ነው የመጣው። ታሪኩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሽና ሁለት ሁለት አድርገሽ ልቀቂያቸው።

ግን ደንብ አውጪላቸው፦ ማንም ሳይጠይቅ የማንንም ደረት አይነካም። «ላዳምጥሽ?» ይላል፤ «እሺ» ካልተባለ አያዳምጥም። ይህቺን ነገር ችላ እንዳትያት፤ ካስተማርሻቸው ሁሉ ለነርስነት የምትቀርበው እሷ ናት። ከዚያ ስልክሽን አውጥተሽ 30 ሰከንድ ያዢላቸውና የጓደኛቸውን ልብ ምት ይቁጠሩ፤ ቁጭ ብለው እንደ 40 ወይም 45 ያገኛሉ። ተነሥተው ሃያ ጊዜ ይዝለሉ፤ እንደገና ይቁጠሩ። ቁጥሩ ይሳሳታል፣ ግድ የለሽም። ሁለቱን ቁጥሮች ደብተራቸው ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው እንዲህ የምትያቸው፦ «ነርስ በየተራዋ ይህንን ታደርጋለች። ትቆጥራለች፣ ትጽፋለች፣ ቀድሞ ከተጻፈው ጋር ታስተያያለች፤ የማያምር ነገር ካየች ሐኪም ትጠራለች።» እጃቸው ሠርቶት ስለሚሰሙሽ ይገባቸዋል።

ክፍሉ ውስጥ ሃምሳ ልጅ ሊኖር ስለሚችል ፋሻ በነፍስ ወከፍ አይታሰብም። ለአንድ ወንበር አንድ ይበቃል፤ አንዱ በሽተኛ፣ አንዱ ነርስ፣ አንዱ አስታማሚ ይሁኑ። አስታማሚውን እንዳትረሺ የኔ እናት፤ እኛ አገር ሕመምተኛ ብቻውን አይተኛም፣ ልጆቹም ያውቁታል። ነርሱ መጀመሪያ ስሙን ይናገራል፣ የበሽተኛውን ስም ይጠይቃል፣ ከዚያ ነው እጁን የሚያስረው። ተራ ይለዋወጡ። ፋሻ ማሰሩን ደግሞ አንቺ አታሳያቸው፤ ከዋርድሽ አንድ ወንድ ነርስ ይዘሽ ሂጂና እሱ ያሳያቸው። «ነርስ ሴት ናት» የሚል ልጅ ካለ ያለ ክርክር መልሱን አገኘ።

«ነርስ የዶክተር ረዳት ናት» እንዳትዪ። ዶክተሩንም አታሳንሺ። ያለውን ንገሪያቸው፦ ሐኪሙ ዞሮ አይቶ፣ መድኃኒት አዝዞ ወደ ሌላ በሽተኛ ይሄዳል፤ ነርስ እዚያው ታድራለች። ለዲግሪው ዩኒቨርሲቲ 4 ዓመት እንደተማርሽ ጨምሪበት፤ ለዚህ ዕድሜ ስለ ትምህርት ይህ ይበቃል።

የታሪክ ሰው ከፈለግሽ ልዕልት ፀሐይን አንሺላቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአባቷ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተሰድዳ እንግሊዝ ሳለች፣ ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች። የንጉሥ ልጅ ሆና የሕፃናት አልጋ ታነጥፍ ነበር ስትያቸው ዓይናቸውን ታያለሽ። በ1934 ዓ.ም. ገና በ22 ዓመቷ አረፈች፤ ዛሬ የታክሲ ረዳቶች «ጦር ኃይሎች!» እያሉ የሚጠሩት ሆስፒታል መታሰቢያዋ ሆኖ የተሠራ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከጣሊያን የተመለሰችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላንም ስሟ የእሷ ነው። አውሮፕላን ካነሳሽ ግን ወሬው ሁሉ አውሮፕላን እንዳይሆንብሽ፣ እሷን መጨረሻ ላይ ጣል አድርጊያት።

አሁን ደግሞ ልብሽን ሰጥተሽ ስሚኝ፣ ይኼኛው ከባድ ነው። «ሰው ሲሞት አይተሻል?» ብሎ የሚጠይቅሽ ልጅ አይጠፋም። «አዎ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ብቻቸውን እንዳይሆኑ አጠገባቸው እሆናለሁ» በይው፣ ከዚያ በላይ አትሂጂ። «እናቴ ሆስፒታል ገብታ አልተመለሰችም» የሚልሽም ሊኖር ይችላል። በሽታውን ልታስረጂው አትሞክሪ፣ «እግዜር ስለወደዳት ወሰዳት» አትበይው፣ ወሬ ለመቀየርም አትቸኩይ። በርከክ ብለሽ በዓይኑ ቁመት ሁኚና «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ በጣም ትናፍቅሃለች አይደል?» በይው። ሊያወራ ከፈለገ ጠብቂው፣ ዝም ካለም አብረሽው ዝም በይ። ስትወጪ ለአስተማሪዋ ንገሪያት። ከተቻለ ደግሞ ቀደም ብለሽ ደውይና ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ያለ፣ ወይ ሰው የታመመበት ልጅ እንዳለ ጠይቂያት፤ አውቀሽ ብትገቢ ይሻላል።

በምንም መልኩ «ከእናንተ ውስጥ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ማነው?» እንዳትዪ። «ለማንም አትናገሪ» ተብላ መድኃኒቷን በየማታው የምትውጥ ልጅ እዚያ ተቀምጣ ይሆናል፤ ምን ብላ እንደምትመልስ ጨንቋት ከምታይ አለመጠየቅ ነው። የበሽተኛሽን ታሪክም አታውሪ፣ ስም ባትጠሪም። ሰፈር ነው፤ ልጆች ቤት ገብተው ያወራሉ፣ እናቶች ይገጣጥሙታል።

ጥቃቅኑን ቶሎ ልበልልሽ። ጋዋንሽ ታጥቦ የተተኮሰ ይሁን፣ ዋርድ የዋልሽበትን እንዳትለብሺ። ጓንት ነፍተሽ ፊኛ አታድርጊላቸው፤ ፈንድቶ ቁራጩ ጉሮሮ ይዘጋል። ክፍለ ጊዜውን ከእረፍት በፊት ያድርጉልሽ፣ ከምሳ በኋላ ያንቀላፋሉ። ደመወዝሽን ከጠየቁሽ «የቤት ኪራይ እከፍልበታለሁ፣ ምግብ እገዛበታለሁ» በይ፤ ስለ ደመወዙ ማነስ ያለሽን ብሶት ለእኔ ንገሪኝ እንጂ ለሕፃን አትንገሪ። «ይደክምሻል?» ካሉሽ ግን እውነቱን በያቸው፤ ሌሊት ቆመሽ ስታድሪ እግርሽን እንደሚያምሽ ይስሙ።

ስትጨርሺ «ማነው ነርስ መሆን የሚፈልግ?» ብለሽ እጅ አታስነሺ። ሃምሳውም ያነሣሉ፤ ፎቶ ያምራል፣ ሌላ ምንም አይጠቅምም። ይልቅ ወረቀታቸውን ይዘው ቤት ሄደው፣ አስፈቅደው የአያታቸውን ልብ እንዲያዳምጡ፣ ቆጥረውም በማግሥቱ ለአስተማሪያቸው እንዲነግሩ እዘዣቸው። አስተማሪዋ በማግሥቱ መጠየቅ እንዳትረሳ አደራ በያት። ፋሻ ደግሞ አትግዢ ሆዴ፤ እኔ ጋ አለ። ቅዳሜ ከአዳር ስወጣ ብቅ በይና ውሰጂ፤ አሁን ግን ጽሑፉን አምጪው፣ አብረን እናሳጥረው።