ያዕቆብ በያቦቅ መሻገሪያ፦ ለስብከተ ገና ወራት የቤተ ሰብ ጥናት



ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ከገባ ጀምሮ እስከ ልደት በዓል ድረስ ቤተ ክርስቲያን የጌታችንን መምጣት በጾምና በጸሎት እንድንጠባበቅ ታሳስበናለች። በግዕዝ ሥርዓት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ የተባሉት ሰንበቶች፣ በላቲን ሥርዓትም አራቱ የስብከተ ገና እሑዶች ለዚሁ ዝግጅት የተመደቡ ናቸው። ይሁን እንጂ በብዙ ቤቶች ይህ ወቅት ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል። በዓል ሲቃረብ ማን እንደሚጠራና ማን እንደማይጠራ ይታሰባል። በውርስ መሬት የተኳረፉ ወንድማማቾች፣ ከዐረብ አገር በላከችው ገንዘብ የተሠራው ቤት በሌላ ሰው ስም ሆኖ ያገኘችው እኅት፣ ለዓመታት የማይነጋገሩ አማትና ምራት ሁሉ ይታወሳሉ። ስለዚህ በየቤታችን እንድናጠናው የመረጥነው ክፍል በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 32 እና 33 የሚገኘው የያዕቆብና የዔሳው ታሪክ ነው።

መነሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያዕቆብ ዓይኖቹ በፈዘዙት አባቱ በይስሐቅ ፊት ቀርቦ ማንነቱን ሲጠየቅ ዔሳው እንደሆነ ተናገረና የወንድሙን በረከት ወሰደ። ዔሳው ሊገድለው ስላሰበ ወደ አጎቱ ወደ ላባ ሸሽቶ 20 ዓመት ተቀመጠ። ወደ አገሩ ሲመለስ ወንድሙ 400 ሰዎች አስከትሎ እየመጣ መሆኑን ሰማ።

በዚህ ጊዜ ያዕቆብ ጸለየ፤ ጸሎቱንም እንደ ፈጸመ ስጦታ ወደ ማሰናዳት ተሻገረ። የግመሎቹን ግልገሎች ሳንቆጥር፣ ፍየልና በግ፣ ግመልና ላም፣ ኮርማና አህያ በድምሩ 550 እንስሳት በየመንጋው ለይቶ በፊቱ ላከ፤ ራሱ ግን ከኋላ ቀረ። የበደሉትን መካስ ተገቢ ነው፣ የወሰዱትን መመለስም ግዴታ ነው። የያዕቆብ አሳብ ግን መጽሐፉ ራሱ እንደሚገልጠው የወንድሙን ቍጣ አስቀድሞ በስጦታ አብርዶ ፊቱን በኋላ ለማየት ነበር። በእኛም ዘንድ ለተቀየመ ዘመድ የበዓል በግ በሰው እጅ መላክ የተለመደ ነው። በጉ ይታረዳል፣ ቂሙ ግን ይከርማል።

ቤተ ሰቡንና ንብረቱን በሌሊት ካሻገረ በኋላ ያዕቆብ በያቦቅ ወንዝ ዳር ብቻውን ቀረ። ይህ ወንዝ ዛሬ በዮርዳኖስ አገር የሚገኘውና ዘርቃ የሚባለው ነው። የፈራው ዔሳውን ነበር፤ ያገኘው ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው እስኪነጋ ድረስ ታገለው። ኦሪት ሰው ይለዋል። ነቢዩ ሆሴዕ በምዕራፍ 12 መልአክ ይለዋል፣ ያዕቆብ እንዳለቀሰና እንደ ለመነም ይጨምራል። ያዕቆብ ራሱ ግን እግዚአብሔርን ፊት ለፊት እንዳየ ተናግሮ ቦታውን ጵኒኤል ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም የእግዚአብሔር ፊት ማለት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2573 እንደሚያስረዳው፣ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት በዚህ ታሪክ ውስጥ ጸሎትን በእምነት እንደሚደረግ ትግል አድርጎ ተመልክቶታል።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። አማኝ ሰው እግዚአብሔርን ለምን ብሎ አይጠይቅም የሚል አሳብ በመካከላችን ሥር ሰዶአል። ወንድሟ የከዳት ሴት ለምን ዝም አልከኝ ብላ በጸሎት ስትጮኽ፣ ይህ ማጉረምረም ነው ብለን አፏን እናስይዛታለን፤ ወዲያው ደግሞ ይቅር ለእግዚአብሔር በይ እንላታለን። የሽማግሌዎችን የእርቅ ሥራ አንነቅፍም፤ ብዙ ቤት ከመፍረስ የዳነው በእነርሱ ነው። ነገር ግን ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረገው ሙግት ሳይጀመር ከአፍ የሚወጣ ይቅርታ ብዙ ጊዜ ለሽማግሌው ሲባል የተሰጠ ነው። ታጋዩን ይዞ ካልባረክኸኝ አልለቅህም ማለት ክሕደት አይደለም። የሚክደውማ ትቶት ይሄዳል።

ታጋዩ ያዕቆብን ማን እንደሚባል ጠየቀው። ይህ ጥያቄ ያዕቆብ ከብዙ ዓመት በፊት በአባቱ ፊት የተጠየቀውና ሐሰት የመለሰበት ነው። አሁን ግን ያዕቆብ ነኝ አለ፤ ዔሳው አሰናካይ የሚል ፍቺ ሰጥቶ ያማረረበትን ያንኑ ስም ተናገረ። ር.ሊ.ጳ. ቤነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2011 ይህን ክፍል ባስተማሩበት ጊዜ፣ ስምን መግለጥ ራስን ለሌላው አሳልፎ መስጠት መሆኑን አመልክተው ነበር። በምሥጢረ ንስሐ የምናደርገውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በረከቱና እስራኤል የሚለው አዲስ ስም የመጡት ከዚህ መልስ በኋላ ነው። ሹልዳው ግን ተነክቶአልና እያነከሰ ሄደ። (ሹልዳን ሥጋ ሲበለት ለምናውቅ ለእኛ፣ ምን ያህል ብርቱ የአካል ክፍል እንደ ተነካ መገመት አያስቸግርም።)

ጎሕ ሲቀድ ከኋላ ቀርቶ የነበረው ያዕቆብ ከቤተ ሰቡ ሁሉ ቀድሞ እያነከሰ ወጣ፤ ሰባት ጊዜም ወደ ምድር ሰገደ። ዔሳውም ሮጦ አቀፈው፣ ሳመው፤ ሁለቱም አለቀሱ። ያዕቆብ የወንድሙን ፊት ማየት የእግዚአብሔርን ፊት እንደ ማየት እንደሆነለት መሰከረ። ስጦታውንም ዔሳው አልፈልግም ሲለው አጥብቆ ሰጠው፤ በዕብራይስጡ በዚህ ስፍራ የተጠቀመበት ቃል በረከት የሚል ነው፣ ይኸውም አስቀድሞ የሰረቀው። ስለ ዔሳው ብዙ ጊዜ አይሰበክም። የተበደለው እርሱ ነበር፣ 400 ሰውም ነበረው። የራሱን ሌሊት የትና እንዴት እንዳሳለፈ መጽሐፍ አይነግረንም፤ ሲመጣ ግን በሮጠው እግሩ አወቅነው።

ከዕርቁ በኋላ ሁለቱ አብረው አልኖሩም። ዔሳው ወደ ሴይር ተመለሰ፣ ያዕቆብም እከተልሃለሁ ብሎ ወደ ሱኮት ሄደ። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ባሏ የሚደበድባትን ሴት ይቅር ብለሽ ወደ ቤትሽ ተመለሺ ብሎ በወንጌል ስም ማስገደድ ስሕተት ነው። ይቅርታ ቂምን ይተዋል፤ ዱላ ወዳለበት ቤት ለመመለስ ግን ቃል አያስገባም።

ጥናቱን በሦስት ምሽቶች መክፈል ይቻላል። በመጀመሪያው ምሽት ምዕራፍ 32 ይነበብ፤ ልጆች ያዕቆብ ማንን እንደ ታገለ ይጠየቁ፣ መልሳቸውም ቶሎ አይታረም። በሁለተኛው ምሽት ምዕራፍ 33 ተነብቦ፣ ወላጆች በልጆች ፊት እርስ በርሳቸው ይቅርታ ቢጠያየቁ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። ከሚቀጥለው ቅዳሴ በፊትም የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቍጥር 23 እና 24 ይታወስ፤ በግዕዝ ሥርዓት የሰላም አምኃ ከፍሬ ቅዳሴው አስቀድሞ፣ በላቲን ሥርዓት ደግሞ ከቁርባን ጥቂት ቀደም ብሎ የሚሰጥ ነውና፣ ያን ጊዜ የማንን እጅ ልንይዝ እንደማንወድ እያንዳንዳችን እናውቃለን። ለሦስተኛው ምሽት የቀረው አንድ ቍጥር ብቻ ነው፤ ምዕራፍ 35 ቍጥር 29። ይስሐቅ ሸምግሎ ዕድሜም ጠግቦ ሞተ፤ ልጆቹ ዔሳውና ያዕቆብም አብረው ቀበሩት።