ዙሩ፣ ቁጠሩ፣ ንገሩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን መነሻ መዝሙር 47 ነው። በመጨረሻው ክፍል ሰዎች ጽዮንን እንዲዞሩ፣ ግንቦቿንም እንዲቆጥሩ ይታዘዛሉ፤ ምክንያቱም ለሚመጣው ትውልድ እንዲናገሩ ነው። መዞር የእግር፣ መቁጠር የዓይን፣ መናገር የአንደበት ሥራ ነው። አንዱ ከጎደለ ትእዛዙ አልተፈጸመም።

«ሕንጻ መመልከት ለነፍስ ምን ይጠቅማል?» የሚል ቢኖር፣ ቤተ ክርስቲያናችን በሕንጻዋም እንደምታስተምር ያስታውስ። በጉልላት መስቀል ላይ የሰጎን እንቁላል የሚደረገው ለምንድን ነው? አባቶች እንደሚያስተምሩት ሰጎን እንቁላሏን ሳታቋርጥ ትመለከታለች፤ ዓይኗን ካነሳች ይበላሻል። ይህም እግዚአብሔር ፍጥረቱን ዘወትር እንደሚጠብቅ፣ ሰውም ሲጸልይ ልቡን መበተን እንደሌለበት ምሳሌ ነው። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን አናት ላይ የተቀመጠው ትምህርት ስለ ማየት ነው። ከደጁ ስንሳለም ግን ስንቶቻችን ቀና ብለን አይተነዋል?

አሁን ወደ አዲስ አበባችን፣ ወደ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ እንምጣ። በመስቀል አደባባይ አጠገብ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከመግቢያው በላይ የሰማዕቱን በድንጋይ መወገር የሚያሳይ ሞዛይክ ይታያል። ታክሲ ለመያዝ የሚሮጥ ሰው በሥሩ በየቀኑ ያልፋል። ሥዕሉ ከበር በላይ መሆኑ በራሱ ይናገራል፤ የሚገባ ሁሉ በሰማዕቱ ምስክርነት ሥር ያልፋልና።

ከዚያ ሳንርቅ የአፍሪካ አዳራሽ አለ። አርክቴክቱ ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ ሕንጻው የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመበት መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። በውስጡ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ግን ስንቶቻችን ክፍል በክፍል አንብበነዋል? ሠዓሊው በሦስት ክፍል፣ 150 ካሬ ሜትር ያህል በሚሸፍን መስታወት፣ የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ ትግሏንና የነገ ተስፋዋን አስቀምጧል። ቻርተሩን የወረቀት ላይ ቃል ብንለው፣ መስታወቱ በብርሃን የተጻፈ ቃል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ በቤተ መቅደሱ ድንጋዮችና ሕንጻዎች ሲደነቅ፣ ጌታ ሁሉም እንደሚፈርስ አልነገረውምን? ነግሮታል። ስለዚህ ተስፋችንን በድንጋይ ላይ አንጥልም። የሚፈርስ ነገር ምስክር የሚሻው ግን ስለሚፈርስ ነው።

ካዛንቺስን ተመልከቱ። ሰፈሩ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች ጀምሮ አደገ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ብዙው ክፍል ፈረሰ። ቤቶቹ የወራሪ መሆናቸው የኋለኞቹን ነዋሪዎች ሕይወት አይሰርዝም፤ በእነዚያ በሮች ሙሽራ ወጥቷል፣ አስከሬን ተሸኝቷል። ዛሬ ለልጁ «ደረጃው እንዲህ ነበር፣ መስኮቱ በዚህ በኩል ይከፈት ነበር» ሊል የሚችለው፣ ቤቱ ቆሞ ሳለ ልብ ብሎ ያየ ብቻ ነው። ላላየው ሰው ቤቱ ሁለት ጊዜ ፈርሷል።

እንዴት እንመልከት? መጀመሪያ ቁሙ፤ እየሄዱ ማየት ማለፍ ነው። ከዚያ ከጣሪያው ጀምራችሁ ውረዱ፤ የጣሪያውን ጠርዝ የእንጨት ጌጥ፣ የመስኮቱን ክፈፍ፣ የበረንዳውን ምሰሶ፣ የመሠረቱን ድንጋይ በየተራ እዩ። ጠራቢውንና አናጢውን አስቡ፤ የብዙዎቹ ስም አልተጻፈም፣ ሥራቸው ግን ፊታችሁ ነው። በሰፈሩ የኖሩትን አረጋውያን ጠይቁ። በመጨረሻ የሰማችሁትን ጻፉ።

የዚህ ሳምንት ሥራችሁ ይህ ይሁን፦ በየቀኑ የምታልፉበትን አንድ ሕንጻ መርጣችሁ፣ ከዚህ በፊት ያላያችሁትን አንድ ነገር ፈልጉበት፤ ያገኛችሁትንም በዕድሜ ከእናንተ ለሚያንስ ሰው ንገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።