የካምሻፍት ሴንሰር ብልሽት እንዴት ይመረመራል?

ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። የካምሻፍት ሴንሰር ሥራ ካምሻፍቱ የደረሰበትን ቦታ ለመኪናው ኮምፒዩተር ማስታወቅ ነው፤ ኮምፒዩተሩም በዚሁ መሠረት ቤንዚን የሚረጭበትንና ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ይወስናል። ይህ ምልክት ሲቋረጥ ሞተሩ ለመነሣት ያስቸግራል፤ ጉልበቱም ይደክማል።

በመመርመሪያ መሣሪያ ሲታይ ብዙ ጊዜ «ፒ0340» የሚል ቁጥር ይወጣል። ብዙ ሰው ይኸን አይቶ አዲስ ሴንሰር ለመግዛት ይሮጣል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚነግረን በሴንሰሩ መሥመር ላይ ችግር መኖሩን ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የሽቦው ይሁን የሴንሰሩ አይለይልንም።

ስለዚህ ከቀላሉ እንጀምር። አንደኛ፥ ሶኬቱ እንዳልላላ፥ ዘይት እንዳልገባበት፥ ሽቦውም እንዳልተበጠሰ እናያለን። ሁለተኛ፥ ሴንሰሩ ባለ ሦስት ሽቦ የሆል ሴንሰር ከሆነ፥ ቁልፉን ከፍተን በመልቲሜትር እንለካለን፤ በአንዱ ሽቦ እንደ መኪናው ዐይነት 5 ወይም 12 ቮልት መድረሱን፥ ሌላው ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር መገናኘቱን እናረጋግጣለን። ሦስተኛ፥ ሞተሩ ሲዞር የቀረው ሽቦ ምልክት ከፍ ዝቅ ማለቱን በኦሲሎስኮፕ እንመለከታለን። ኃይሉ ደርሶ፥ ሽቦውም ደኅና ሆኖ ምልክቱ ካልመጣ፥ ያን ጊዜ ሴንሰሩን መጠርጠር ይገባል። «ፒ0016» ከታየ ግን የሁለቱ ሻፍቶች አቀማመጥ አልተስማማምና የታይሚንግ ሰንሰለቱንም ማየት ያስፈልጋል።

ሳይመረምሩ ዕቃ መለወጥ ኪስን ይጎዳል እንጂ ሞተሩን አያድንም።