የአዋሽ ጐርፍ ታሪክ፤ ከላይ የተለቀቀ ውኃ ከታች የሚያደርሰው

በመረሬ መሬት የሚያርስ ገበሬ ኹሉ ፈሰስ ምን እንደ ኾነ ያውቃል። ክረምቱ በርትቶ ውኃ በእርሻው ላይ ሲተኛ፣ ሰብሉ ሥሩ እንዳይበሰብስ ገበሬው በማረሻው ሰያፍ አድርጎ ፈሰስ ያወጣል፤ ውኃውም በዚያ ወርዶ እርሻውን ይለቃል። ይኹን እንጂ ውኃው ከአንዱ እርሻ ወጣ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ከበታች ባለው ጐረቤት ማሳ ላይ ይወርዳል። ፈሰሱ ከየት ተነሥቶ በየት ይለፍ የሚለው ነገር በየአገሩ ጐረቤታሞችን የሚያከራክርና በሽማግሌ ዳኝነት የሚያልቅ ጉዳይ ኾኖ የኖረው ስለዚህ ነው።

የታላላቅ ወንዞችም ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። ግድብ የሚሠራ መንግሥት፣ በወንዝ ዳር የዐፈር ግንብ የሚክብ የእርሻ ኩባንያ፣ ጋራውን አራቁቶ የሚያርስ ገበሬ፣ ኹሉም ፈሰስ እንደሚያወጣው ሰው ውኃን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውራሉ። ይህን ለመረዳት ከአዋሽ ወንዝ የበለጠ ምሳሌ በቅርብ አይገኝም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የወንዙ አካሄድ

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይመነጫል። የበቾን ሜዳ አቋርጦ ወደ ቆቃ ይወርዳል፤ ከዚያም በወንጂ፣ በመተሐራና በአሚባራ በኩል አልፎ ወደ አፋር ቈላ ይገባል። ሌሎች ብዙ ወንዞች ወደ ባሕር ሲደርሱ አዋሽ ግን ወደ ባሕር አይደርስም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በአውሳ አልፎ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ውኃው የሚሰበሰብበት አገር ስፋት ከ110 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ዝናቡ በብዛት የሚዘንበው በላይኛው ደጋ ሲኾን በታችኛው ሜዳ የሚዘንበው በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ የቈላው ሰው የሚኖረው በደጋው ዝናብ ነው ማለት ይቻላል። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሲሞላ ከዳሩ ወጥቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ ውኃው በሸሸ ጊዜ ግን እርጥብ መሬትና ለምለም ሣር ትቶ ይሄዳል።

የቀድሞ ሰዎች ከዚህ ጐርፍ ጋር የሚኖሩበትን ዘዴ ዐውቀውት ነበር። የበቾ ገበሬ ውኃው እስኪሸሽ ታግሦ በቀረው እርጥበት ሽንብራና ጓያ ይዘራል። የአፋር ከብት አርቢ በክረምት ከወንዙ ርቆ ይሰፍራል፤ በጋው ሲገባና የሩቁ ግጦሽ ሲያልቅ ወደ ወንዙ ዳር ተመልሶ ጐርፉ ባበቀለው ሣር ከብቱንና ግመሉን ያቈያል። በአውሳም ውኃውን ወደ ማሳ እየመሩ እህል የሚያመርቱ አፋሮች ነበሩ። ጐርፉ ለእነዚህ ሰዎች ጥፋት ብቻ አልነበረም፤ የዓመት ቀለባቸው ጭምር ነበር።

ከወንጂ እስከ ቆቃ

በወንዙ ላይ አዲስ ሥራ የተጀመረው በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ ሜዳ ሸንኰራ አገዳ ተከለ፤ የስኳር ፋብሪካውም በ1954 ሥራ ጀመረ። ሜዳው ወንዙ በየክረምቱ የሚተኛበት ረግረግና የጅሌ ኦሮሞ ከብቶች መሰማሪያ ነበር። ኩባንያው በወንዙ ዳር የዐፈር ግንብ አቆመ፤ መስኖ ማስገቢያና ውኃ ማስወጫ ቦዮችንም ቈፈረ። በዚህም ረግረጉ እርሻ ኾነ፤ የከብት አርቢው መሰማሪያ ግን ጠበበ።

በ1960 የቆቃ ግድብ ተፈጸመ። ግድቡ የተሠራው ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ ሲኾን፣ ዋና ዓላማው 43 ሺህ ኪሎ ዋት ያህል የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት ነበር። በግድቡ የተጠራቀመው ውኃ በመጀመሪያ 1,850 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይይዝ ነበር። የክረምቱ ውኃ በዚህ ተይዞ በበጋ ጥቂት በጥቂት ስለሚለቀቅ ከበታች ያለው ወንዝ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ኾነ። በዚሁ ውኃ የሚሠሩ ኹለት ተጨማሪ የኃይል ማመንጫዎች ከግድቡ በታች በ1966 እና በ1971 ተጨመሩ። ለመስኖ የሚኾን የበጋ ውኃ ማግኘቱም በመላው ሸለቆ ለታላላቅ እርሻዎች በር ከፈተ።

የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን

በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በአንድ ወንዝ ላይ ያለውን ውኃና መሬት አንድ መሥሪያ ቤት አስተባብሮ እንዲመራው ማድረግ በአገሪቱ አዲስ ሐሳብ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም ሸለቆውን አስጠንቶ የጥናቱን መግለጫ በ1965 አወጣ። በተንዳሆና በዱብቲ የእንግሊዝ ኩባንያ ጥጥ ዘራ፤ በመተሐራ አገዳ ተተከለ፤ በአሚባራና በመልካ ሰዲም የጥጥ እርሻ ተስፋፋ። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በዐሥር ሺህ የሚቈጠር ሔክታር መሬት በመስኖ ይለማ ነበር። ይኽ ለአገሪቱ ጥጥና ስኳር፣ ለብዙ ሺህ ሰዎችም ሥራ አስገኘ።

ይኹን እንጂ እርሻዎቹ የተመሠረቱት ጐርፉ ሣር ያበቅልበት በነበረው በወንዝ ዳር መሬት ላይ ነው። ይኽ መሬት ከሸለቆው ስፋት አንጻር ሲታይ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የአፋር ከብት በጋውን የሚያልፍበት እርሱ ነበር። ሰፊው በረሓ ሳይነካ ቢቀርም፣ የበጋው መሰማሪያ ከተወሰደ ሰፊው በረሓ ብቻውን ከብት ሊያኖር አይችልም። ከ1972 እስከ 1974 ዝናብ በጠፋ ጊዜ የዚህ ውጤት ታየ። ብዙ የአፋር ቤተ ሰቦች ከብታቸውን አጡ፤ ረኃቡም በሰው ላይ ጸና። ባለሥልጣኑ በአሚባራና በዱብቲ አፋሮችን በእርሻ ለማስፈር ሞክሮ ነበር፤ የሰፈሩት ሰዎች ግን መሰማሪያቸውን ካጡት ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂቶች ነበሩ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግድብ አይሠራ፣ መስኖ አይውጣ የሚል አይደለም። ጐርፍ ሲታሰር የሚያተርፍ እንዳለ ኹሉ የሚያጣም አለ። ስለዚህ የሚያጣው ሰው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሊቈጠርና ሊታሰብለት ይገባል።

ግድብ የማይዘው ውኃ

ብዙ ሰዎች ቆቃ ከተገደበ በኋላ የአዋሽ ጐርፍ አለቀለት ብለው አስበው ነበር። ነገር ግን ከሰም፣ ቀበና፣ አታዬ፣ ቦርከና፣ ሚሌ፣ ሎጊያ የተባሉት ወንዞች ከሸዋና ከወሎ ተዳፋት ወርደው ወደ አዋሽ የሚገቡት ከቆቃ በታች ነው። የቆቃ ግድብ የእነዚህን ውኃ ሊይዝ አይችልም። ከዚህም ሌላ ክረምቱ ሲበረታ ግድቡ ራሱ ይሞላና ውኃ መልቀቅ ግድ ይኾናል። በ1996 በሸለቆው ከባድ ጐርፍ ደረሰ፤ በ2020 ክረምትም በአፋር በዐሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ እርሻቸውና ከብታቸውም በውኃ ተወሰደ።

ኹለተኛው ችግር ደለል ነው። ከላይኛው ደጋ የሚታጠበው ዐፈር ኹሉ በቆቃ ይተኛል። በግድቡ የመጀመሪያ 40 ዓመታት ውስጥ ከውኃው ስፍራ ሲሶ ያህሉን ደለል ወሰደው። ይኽም ማለት የጐርፍ መያዣው በየዓመቱ ይጠባል፤ የኤሌክትሪክና የመስኖ ውኃም ይቀንሳል። በሞጆና በበቾ ተዳፋት ላይ ያለው ገበሬ ማሳውን ጐርፍ ሲያጥብበት የሚያጣው የራሱን ምርት ብቻ አይደለም፤ ዐፈሩ ወርዶ የግድቡንም ዕድሜ ያሳጥራል።

የተራቈተ ጋራ ምን እንደሚያመጣ በድሬዳዋ የደረሰው መከራ ያስረዳል። የደቻቱ ወንዝ በአብዛኛው ወራት ደረቅ አሸዋ ነው። በነሐሴ 2006 ሌሊት ግን ከተማዋን ከበላይ በሚያዩአት ተራሮች ላይ የዘነበው ዝናብ በአሸዋው መንገድ ወርዶ ሰዎችን በተኙበት ደረሰባቸው፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ደረቅ የወንዝ መውረጃ ባለቤት የሌለው ባዶ መሬት አይደለም፤ ባለቤቱ ጐርፍ ነው።

ውኃ ማስገባትና ውኃ ማስወጣት

መስኖ ውኃ ማስገባት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። በእውነቱ ግን ያስገቡትን ትርፍ ውኃ ማስወጣት ከማስገባት የማያንስ ሥራ ነው። በአሚባራና በመልካ ሰዲ እርሻዎች ከመጠን ያለፈ ውኃ ለብዙ ዓመታት ስለ ተለቀቀና በቂ የውኃ ማስወጫ ስላልነበረ፣ ከመሬት በታች ያለው ውኃ ወደ ላይ ቀረበ። ፀሓይ ውኃውን ወደ ላይ እየሳበች ስታደርቀው ጨው በመሬቱ ገጽ ላይ ቀረ፤ ጥሩ የነበረውም መሬት ጥጥ የማያበቅል ነጭ ሜዳ ኾነ። ይኽን ለማዳን ከመሬት በታች የሚቀበር የማስወጫ ቧንቧ ተሞከረ፤ ነገር ግን ጨው የበላውን መሬት መመለስ አስቀድሞ ከመጠበቅ እጅግ የበለጠ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል።

በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅም በ1960ዎቹ ዓመታት ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረ ሲኾን ከ2000 ወዲህ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ኾኗል። ውኃው ጨዋማ ነው። መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ ነክቷል፤ ግጦሽና እርሻም ውጧል። ሐይቁን ለመቀነስ ውኃው ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ ሲደረግ ደግሞ ከበታች ላሉት እርሻዎችና ለሚጠጣው ሰውና ከብት የወንዙ ጥራት የሚያሳስብ ኾነ። እዚህም ላይ ፈሰሱ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ማሳ ሲዛወር ይታያል።

የኋለኛው ዘመን ሥራ

የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1970ዎቹ መጨረሻ በሌላ መሥሪያ ቤት ተተካ። በ2007 የተፋሰስ ምክር ቤቶችንና ባለ ሥልጣኖችን የሚያቋቁም ዐዋጅ ወጣ፤ ከዚህም በኋላ የአዋሽ ተፋሰስ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ይኽም ቈይቶ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። በሥራም በኩል 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል የሚይዝ ግድብ በከሰም፣ 1,800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል የሚይዝ ደግሞ በተንዳሆ ተሠርተዋል። የመሥሪያ ቤቶቹ ስም ሲለዋወጥ ችግሩ ግን አንድ ነው፤ ወንዙ አንድ ሲኾን የሚያዝዙት ብዙዎች ናቸው።

ከታሪኩ የሚገኝ ምክር

ለገበሬው፤ ፈሰስ ሲያወጣ ከጐረቤቱ ጋር ተስማምቶ፣ ውኃውን ወደ ማሳ ሳይኾን ሣር ወደ በቀለበት መውረጃ ይምራ። ከእርሻው በላይ የጐርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቈፈር። ተዳፋቱን ቁልቁል ሳይኾን አግድም ይረስ፤ ካብና እርከን ይሥራ፤ የተራቈተውን ጋራ ከብት እንዳይገባበት ከልሎ ያሳርፈው። በወንዝ ዳር እስከ አፋፉ ድረስ አይረስ፤ ሣርና ዛፍ ያለበት መሬት ይተው።

በመስኖ ለሚያለማው፤ ውኃ የሚለቀቀው ሰብሉ በሚፈልገው መጠን እንጂ ቦዩ ባመጣው መጠን አይደለም። የማስወጫ ቦዮች ከክረምት በፊት ይጠረጉ። በማለዳ በመሬቱ ላይ ነጭ ነገር ቢታይ፣ ይኽ የጨው መጀመሪያ ስለ ኾነ ሳይዘገይ ለእርሻ ባለሙያ ይነገር።

ለሹማምንት፤ ግንብ ከመቆሙ በፊት ውኃው ከዚህ ተመልሶ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ይቅደም። ግድብ ሊከፈት ሲል ወሬው ከውኃው ቀድሞ ከበታች ላሉት መንደሮች ይድረስ። በደረቅ ወንዝ መውረጃ ቤት እንዳይሠራ ይከልከል። ከእርሻው ጋር የከብት አርቢውም የበጋ መሰማሪያ በካርታ ላይ ይለይ፤ ውኃ ሲከፋፈልም ለሣሩ የሚኾነው አብሮ ይቈጠር።

በጊንጪ ደጋ የወረደች የዝናብ ጠብታ እስከ አቤ ሐይቅ ለመድረስ በገበሬው፣ በፋብሪካው፣ በከተማውና በከብት አርቢው ደጃፍ ታልፋለች። ኹሉም በየበኩላቸው ከደጃፋቸው ሊያርቋት ወይም ለራሳቸው ብቻ ሊያስቀሯት ቢሞክሩ፣ ጉዳቱ ከኹሉም በታች በሚገኘው ላይ ይወድቃል። በአንድ ቀበሌ ፈሰስ ስለሚወርድበት ስፍራ ላይኛውና ታችኛው ጐረቤት በአንድነት ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ልማድ፣ ለመላው ወንዝም የሚበጅ ልማድ ነው።