ስለ ወፍራም ጕልበትና ስለ ቀጭን ብርታት

በጫንጮ ገበያ ኵንታል እህል የሚሸከም ሰው ጕልበታም ይባላል፤ ቀጭኑ ልጅ ግን ደካማ ይመስላል። ነገር ግን ጕልበት ሁለት ዐይነት ነው። ከባድ ነገር ደጋግሞ የሚያነሣ ሰው ጡንቻው ይወፍራል፤ ይህም ለሸክምና ለትግል ይበጃል። ረዥም መንገድ የሚሮጥ ግን የገዛ አካሉን ክብደት በየርምጃው ይሸከማልና፥ ብርታቱ በልቡና በሳንባው ነው። ይልቁንም እንደ ሱሉልታ ባለ ደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፤ ሯጮችም ከአዲስ አበባ ወደዚያ ወጥተው የሚለማመዱት ስለዚህ ነው። አበበ ቢቂላ ቀጭን ሲሆን፥ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። እንግዲህ መምህር ልጆችን በገመድ ጉተታ ብቻ አይመዝን፤ ከሩቅ መንደር በእግሩ የሚመጣውንም ቀጭን ልጅ በሩጫ ይፈትነው። ቅጥነቱ ከረኃብ የመጣ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ ማብላት እንጂ ማስሮጥ አይገባም።